ጫጩት ስናሞቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ወይም ሆለታ ዶሮ የሚያረባ ሰው ቢሾፍቱ ያየውን ቤት እንዳለ ገልብጦ መሥራት የለበትም። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሱሉልታ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ክረምቱ ደግሞ እርጥበት። የአንድ ቀን ጫጩት ላባ ስለሌለው የራሱን ሙቀት መያዝ አይችልም። ችግሩ ግን ብርዱን ፈርተን የምናደርገው ነገር ራሱ ብዙ ጊዜ ጫጩት ይገድላል።

ቤቱን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት

ከሁሉ የከፋው ይሄ ይመስለኛል። መስኮቱ በላስቲክ፣ ቀዳዳው በጆንያ ይጠቀጠቃል። ሌሊት የጫጩቶቹ ትንፋሽ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውኃ ሆኖ ይቋጥርና ጉዝጓዙ ላይ ይንጠባጠባል። ጉዝጓዙ ሲረጥብ ከኩሱ አሞኒያ ይነሣል። ዓይንና መተንፈሻቸውን ያቃጥላል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲዮሲስም የሚወደው እንዲህ ያለውን እርጥብና ሞቃት ቦታ ነው።

መሞቅ ያለበት ጫጩቱ ያለበት ቦታ ነው፤ ቤቱ መተንፈስ አለበት። ከታች ጫጩቶቹን የሚመታውን ንፋስ ዝጉ፤ ከላይ ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍት ተዉት። መጋረጃችሁ ከታች ወደ ላይ የሚዘጋ ይሁን። ጠዋት ስትገቡ ደግሞ ቁጢጥ በሉና በጫጩቶቹ ቁመት ላይ ሆናችሁ አሽትቱ። ቆማችሁ ያልሸተታችሁ እዚያ ታች ዓይናችሁን ሊያስለቅስ ይችላል።

ከሰል አንድዶ በር መዝጋት

መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ከሰል ነው። አልፈርድም፤ የተገዛ ጫጩት ዓይናችሁ እያየ ሲንቀጠቀጥ ዝም አይባልም። ነገር ግን ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጫጩቱን ብቻ ሳይሆን አብሮት ያደረውን ሰውም ይገድላል። ከሰል የግድ ከሆነባችሁ ውጭ በደንብ ይቀጣጠል፣ ጭሱ የሚወጣበት ጢስ መውጫ ይኑረው፣ የላይኛው አየር ማስገቢያ ክፍት ይሁን። እባካችሁ ማንም ሰው እዚያ ክፍል አይደር።

ጥቂት ጫጩት ላለው ሰው የድርቆሽ ሣጥን የተሻለ ነው። የሣጥኑ ግድግዳ በድርቆሽ (በደረቀ ሣር) ይሞላል። ክዳኑ ላይ ድርቆሽ የተሞላ ትራስ ይደረጋል፤ አየር ማስገቢያ ቀዳዳም ይተውለታል። ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ስለሚሞቁ መብራት ኖረ አልኖረ አያሳስብም። አንድ ሣጥን 50 ጫጩት ገደማ ይይዛል።

ጫጩቱ ከመጣ በኋላ ማሞቅ መጀመር

ጫጩቱ በካርቶን መንገድ ላይ ቆይቶ ደክሞ ነው የሚደርሰው። ቀዝቃዛ ወለል ላይ ካራገፋችሁት ከዚያ በኋላ ለማንሣት ያስቸግራል። ማሞቂያውን አንድ ቀን ቀድማችሁ አብሩ። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ያስፈልጋል። ጭድ ይሆናል። ሰጋቱራ ከሆነ ደቃቁን እህል መስሏቸው ስለሚለቅሙት ከመላጊያ የሚወጣውን ሰፋ ሰፋ ያለውን ምረጡ።

ጫጩቱን ትቶ ቴርሞሜትሩን ማየት

የመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሳችሁ ወደ 21 ታወርዱታላችሁ። ግን ቴርሞሜትሩ ግድግዳ ላይ በሰው ቁመት ከተሰቀለ የሚነግራችሁ ስለ ጫጩቱ አይደለም። በጫጩቱ ጀርባ ቁመት ይሁን።

ከሱ በላይ ደግሞ ራሳቸውን እዩአቸው። አምፖሉ ሥር ተጠጋግተው ከተንጫጩ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው ክንፋቸውን ዘርግተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከተጠጉ በሌላው በኩል ንፋስ ይገባል፤ ቀዳዳውን ፈልጉት። ሲደላቸው ተበታትነው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይተኛሉ። የ250 ዋት የሙቀት አምፖል ካላችሁ በሰንሰለት ስቀሉት። በገመዱ ብቻ ተንጠልጥሎ ቢወድቅ ጉዝጓዙ ይቀጣጠላል።

ማዕዘን መተው

ጠዋት ጥግ ላይ ተጠፍጥፈው የሞቱ ጤነኛ የሚመስሉ ጫጩቶች ካገኛችሁ ቶሎ "ፈንግል ገባ" አትበሉ። በርዷቸው ወይም ደንግጠው ተደራርበው ታፍነው ይሆናል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በካርቶን ወይም በቆርቆሮ ክብ አጥር ሥሩላቸው፤ እያደጉ ሲሄዱ አስፉት።

ቤቱን በጫጩት ቁመት መገመት

በመጀመሪያው ቀን 300 ጫጩት ትንሽ ክፍል ውስጥ ገብቶ ቦታ ይተርፋል። በዚያ ተታሎ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። እስከ አራት ሳምንት በካሬ ሜትር 20 ያህል ይበቃል። እንቁላል ጣይ ሲሆኑ ግን መሬት ላይ ለሚረቡት ከ5 እስከ 7 ብቻ ነው። 4 በ5 ሜትር የሆነ ቤት 20 ካሬ ስለሆነ ከ100 እስከ 140 ዶሮ ነው የሚይዘው። ከዚያ ካለፈ ላባ መነጫጨትና መናከስ ይጀመራል፣ ጉዝጓዙ አይደርቅም፣ ደካማዎቹ መመገቢያው ጋ አይደርሱም። ለእያንዳንዷ ዶሮ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር መቆሚያ እንጨት፣ ለ5 ዶሮ አንድ እንቁላል መጣያ ሣጥን አስቡ። ቤታችሁ ይህን የማይችል ከሆነ ጫጩት ከማዘዛችሁ በፊት ቁጥሩን ቀንሱ።