የክረምቱ ሥዕሎች ለምን ተጨማደዱ?

ደሴ ላይ ክረምትን ርእስ አድርገን ያዘጋጀነው የሥዕል ዐውደ ርእይ ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው፣ የውሃ ቀለም ሥዕሎቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ ሠርተው አገኘኋቸው። ሁለቱ ከመስታወቱ ጋር ሊጣበቁ ምንም አልቀራቸው።

ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎኝ መሰላል ተውሼ ወጣሁ፤ ደረቅ ነው። ጥፋቱ የኔው ነበር። ፍሬሞቹን የሰቀልኩት በውጭኛው ግድግዳ ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነሐሴ ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ግድግዳውም አብሮ ይቀዘቅዛል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ደግሞ ክፍት በተውኩት መስኮት ይገባል፤ እርጥበቱም ቀዝቃዛው ግድግዳ አጠገብ ይሰበሰባል። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይሰፋል፤ ዙሪያውን በፕላስተር ከታሰረ መሄጃ ያጣና ይጨማደዳል።

አንድ ወዳጄ ከሰል እናቀጣጥል አለኝ። ለቡና ይሁን እንጂ ለሥዕል አይሆንም፤ ጥላሸቱ አለ፣ በችኮላ የደረቀ ወረቀት ደግሞ ይብሱን ይጣመማል። ሥዕሎቹን አውጥቼ በንጹሕ ነጭ ወረቀቶች መሃል አስተኛኋቸው፤ ጠፍጣፋ ጣውላ ጭኜም ሁለት ቀን ተውኳቸው። ስመልሳቸው ከላይ ብቻ በሁለት ቦታ ያዝኳቸው። መስታወቱ እንዳይነካቸው በመሃል የካርቶን ጠርዝ አስገባሁ። በየፍሬሙ ጀርባ፣ ማዕዘኖቹ ላይ፣ አየር እንዲያልፍ የጠርሙስ ቡሽ ቆርጬ ለጠፍኩ። ከዚያ ሁሉንም ወደ ውስጠኛው ግድግዳ። አንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ እንደተጠቀለለ ቀርቷል።

በዚህ ሳቢያ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፦ ጎብኚው በመስከረም አደይ አበባ ገብቶ በሰኔ ጭቃ ይወጣል። ሠዓሊዎቹ አጉረመረሙ፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።