ወደ ማርጌት የምትሄዱበትን ቅዳሜ በባሕሩ ሰዓት ምረጡ

ጎረምሳ ልጆች ይዛችሁ ለሁለት ቀን በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ወዳለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ወደ ማርጌት ልትወርዱ ካሰባችሁ፣ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት እዩ። ዋናው ዳርቻ ላይ ባሕሩ ሲሸሽ ርቆ ነው የሚሄደው። እስከ ቀትር የተኙ ልጆች ሊዋኙ ሲወርዱ እርጥብ አሸዋ ብቻ ካገኙ፣ ስልካቸውን አውጥተው ቁጭ ይላሉ።

የማርጌትን የሙላት ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉና ባሕሩ ከቀኑ 9 ሰዓት (15:00) አካባቢ የሚሞላበትን ቅዳሜ ያዙ። ያሰባችሁት ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ባሕሩ የሚሸሽበት ከሆነ፣ ጉዞውን በአንድ ሳምንት ብቻ ግፉት። ሙላቱ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ በሳምንት ወደ 6 ሰዓት ይገፋል፤ በሸሸበት ሰዓት ሞልቶ ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አንዳንድ ሰንጠረዦች በጂኤምቲ (በግሪንዊች ሰዓት) ነው የሚወጡት። ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ የእንግሊዝ ሰዓት ከዚያ ስለሚቀድም 1 ሰዓት ጨምሩበት።

ቀኑን ማዛወር ካልቻላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የተሠራው የዋልፖል ቤይ የባሕር ገንዳ ባሕሩ ሲሸሽም ውሃ ይይዛል።

ማርጌት አቅራቢያ ባለው ዳርቻ፣ ቦተኒ ቤይ ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ነጫጮቹን የኖራ ዓምዶች ለማየት ውሃው እየሸሸ ሳለ ሂዱ። እየሞላ ከሆነ ከገደሉ ሥር ርቃችሁ አትሂዱ፤ መመለሻችሁን ይዘጋባችኋል። ከተዘጋባችሁ 999 ደውላችሁ ኮስትጋርድ (የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን) በሉ።