ትንሽ ቶርኖ ላይ መቁረጫና ፍጥነት ሲመረጥ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሽ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚልግ ማሽን) ሲያዩት የትልቁ ታናሽ ወንድም ይመስላል፤ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ትልቁ ቶን የሚመዝን ግትር ብረት ነው፣ ትንሹን ሁለት ሰው ያነሣዋል። ሞተሩም ብዙ ጊዜ ከ350 እስከ 600 ዋት ባለው ውስጥ ነው። ጉልበትና ግትርነት በሌለበት ሥራውን መሥራት ያለበት ስለት ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ካርባይድ ጠንካራ ስለሆነ ይሻላል ማለት

ጀማሪ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ጫፉ ላይ ካርባይድ የሚባለው በጣም ጠንካራ ማቴሪያል የተበየደበት፣ ቀለም የተቀባ፣ አሥር ምናምን ፍሬ የያዘ ሳጥን ነው። ያምራል። ችግሩ እነዚህ መቁረጫዎች አብዛኛውን ጊዜ ሳይሳሉ ነው የሚሸጡት፤ ፋብሪካው ቅርጽ ሰጥቷቸው ስለቱን ለገዢው ትቶታል። ገዢው ይህን ማን ይንገረው? እንዳለ አስሮ ያስነሣል። ብረቱ በመቆረጥ ፈንታ ይደፈጠጣል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ የሥራው (የሚቆረጠው ብረት) ፊት ሞረድ ይመስላል። ከዚያ «ማሽኑ ርካሽ ስለሆነ ነው» ይባላል። ማሽኑ ምን አጠፋ! እንሳለው ሲባል ደግሞ ተራው ግራጫ የግራይንደር ድንጋይ ካርባይድን አይበላውም፤ አረንጓዴው የሲሊኮን ካርባይድ ድንጋይ ወይም ዳይመንድ ይፈልጋል። አቧራው ኮባልት ስላለበት ያለ ማስክ አይሳልም።

ባለ ኢንሰርቱ (ጫፉ ተፈትቶ የሚቀየረው) ይሻላል፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ለሚያነብ ሰው። ሲኤንኤምጂ የሚባለው ዓይነት ብዙ ጉልበትና ግትር ማሽን የሚጠይቅ ስለሆነ ለትንሽ ቶርኖ አይሆንም። የሚሆነው ሲሲኤምቲ ነው፤ ከእሱም ሲሲጂቲ ይበልጣል። ሲሲጂቲ ጠርዙ በድንጋይ የተሳለ ስለሆነ እንደ ምላጭ ነው። የሚሸጠው ለአሉሚኒየም ተብሎ ቢሆንም ብረትንም በስሱ ያነሣል፤ ቶሎ ይሸረፋል እንጂ። የቁጥሩ መጨረሻ ደግሞ የአፍንጫው ክብነት ነው፦ 060204 ላይ ያለው 04 የ0.4 ሚሊ ሬዲየስ ነው፣ 08 ከሆነ 0.8። ባለ 0.8ቱን አስሮ 0.05 ሚሊ ላንሣ የሚል ሰው እያሸ ነው እንጂ እየቆረጠ አይደለም። አፍንጫው ብረቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ቀጭን ዘንግ ከሆነ መሃሉ ወፍሮ ይወጣል። 0.2 ወይም 0.4 ይበቃል።

ለመማሪያ ግን ከ8 ሚሊ አራት ማዕዘን የኤችኤስኤስ (ሃይ ስፒድ ስቲል) ዘንግ የሚሻል የለም። በተራ ድንጋይ ይሳላል፤ ከፊትና ከጎን 8 ወይም 10 ዲግሪ ማሸሻ (ከጠርዙ ሥር ወደ ውስጥ ያዘነበለ ፊት) ይሰጠዋል፣ በመጨረሻ ጠርዙ በዘይት ድንጋይ ይታሻል። ሲሳል ጫፉ ቢጫ ቢሆን ተቃጠለ ብሎ መጣል የድሮው የካርቦን ስቲል ሥጋት ነው፤ ኤችኤስኤስ እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጥንካሬውን ይይዛል።

ከፍታን በዓይን መገመት

የመቁረጫው ጫፍ ከሥራው መሃል መስመር ጋር እኩል መሆን አለበት። ከፍ ካለ ከጠርዙ ሥር ያለው ፊት ብረቱን ይታከካል፤ ዝቅ ካለ ብረቱ ላዩ ላይ ሊወጣበት ይሞክራል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ማሽኑን አጥፍቶ፣ ቀጭን የብረት ማስመሪያ በመቁረጫው ጫፍና በክብ ሥራው መካከል አቁሞ፣ ማስመሪያው እስኪያዝ ድረስ በቀስታ ማስጠጋት። ቀጥ ብሎ ከቆመ ልክ ነው። አናቱ ወደ ሠራተኛው ካዘመመ መቁረጫው ዝቅ ብሏል፣ ወደ ወዲያ ካዘመመ ከፍ ብሏል። በስፔሶር (ከመቁረጫው ሥር በሚገባ ስስ ቁራጭ) ይስተካከላል፤ የመጠጥ ቆርቆሮ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ አካባቢ ስለሆነ ተቆርጦ ለዚህ ይመቻል። የመጨረሻው ዳኛ የሥራው ግንባር ሲላግ ነው፦ መሃል ላይ ትንሽ ጉጥ ከቀረ ከፍታው ገና ነው።

ፍጥነትን በስሜት መምረጥ

ቁጥሩ የሚወጣው ከማቴሪያሉና ከዲያሜትሩ ነው። በደቂቃ የሚዞረው ዙር ማለት 318 በቆረጣ ፍጥነቱ ተባዝቶ ለዲያሜትሩ ሲካፈል ነው። ፍጥነቱ በሜትር በደቂቃ፣ ዲያሜትሩ በሚሊሜትር ይገባል። ለኤችኤስኤስ መነሻው ለለስላሳ ብረት 25፣ ለጊዛ (ካስት አይረን) 18፣ ለስቴንለስ 15፣ ለብራስ 60፣ ለአሉሚኒየም 75 ነው። 25 ሚሊ ለስላሳ ብረት 318 ዙር ይፈልጋል፤ ያው ብረት ወደ 10 ሚሊ ሲቀጥን 795። በፑንታ ሲበሳ የሚገባው የፑንታው ዲያሜትር ነው፣ የሥራው አይደለም፤ ይህን የሚያሳስት ሰው ብዙ ነው። የካርባይድ ሠንጠረዥ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይላል፤ የተጻፈው ግን ለትልቅ ማሽን ነው። ትንሹ ማሽን ያን ያህል ፊድ (መቁረጫው በአንድ ዙር የሚራመደው ርቀት) እና ጥልቀት ስለማይችል ዙሩን ብቻ መከተል ትርፉ ጩኸት ነው።

በኤችኤስኤስ ብረት ሲቆረጥ የሚወጣው ፍቅፋቂ ብርማ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሁን። ሰማያዊ ከሆነ ዙሩ በዝቷል።

ዙሩን በፍጥነት ማዞሪያው ብቻ መቀነስ

ፍጥነቱ በኤሌክትሮኒክስ የሚስተካከል ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጉልበቱም ማቀዝቀዣውም ይደክማል። ማሽኑ ሎው ማርሽ ካለው፣ 50 ሚሊ ብረት በ150 ዙር የሚላገው በእሱ ነው። በሃይ ማርሽ ማዞሪያውን እስከ ታች አውርዶ መጫን ሞተሩን ያቆመዋል፤ ከተደጋገመ መቆጣጠሪያ ካርዱ ይቃጠላል።

ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ፊድ መቀነስ

እጅ በተፈጥሮው ያን ያደርጋል፤ ተሳስቷል። መቁረጫው የሚነክሰው ሲያጣ ይብስ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ዙር ይቀነስ፣ ፊድ ትንሽ ይጨመር፣ ከዚያ ያልጠበቀ ነገር ይፈለግ። መቁረጫው ከመያዣው የወጣበት ርዝመት በእጥፍ ሲጨምር መታጠፉ በስምንት እጥፍ ይጨምራል፤ ስለዚህ የመቁረጫውን ውፍረት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ብቻ ይውጣ። ሥራው ከቻክ (ከያዘው መንጋጋ) የወጣው ከዲያሜትሩ ሦስት እጥፍ ካለፈ በቴይልስቶክ (በወዲያኛው ጫፍ ባለው ድጋፍ) ይደገፍ። ለመነሻ በለስላሳ ብረት 0.3 ሚሊ ጥልቀትና በዙር 0.08 ሚሊ ፊድ በቂ ነው። መቁረጫውን የሚያስጠጋው እጀታ ላይ ያለው ቁጥር ሬዲየስ ይሁን ዲያሜትር አስቀድሞ ይታወቅ፤ አለዚያ 0.3 የተባለው 0.6 ያወጣል።

ማቴሪያል ሁሉ አንድ ነው ማለት

ብራስ ላዩ ዝርግ የሆነ መቁረጫ ይፈልጋል፤ ሹል ፑንታ ስቦ ይገባበታልና ከንፈሮቹ በዘይት ድንጋይ ትንሽ ይደልደሉ። አሉሚኒየም ጠርዝ ላይ ይለጠፋል፤ ጥቂት ነጭ ጋዝ ይቀባ፣ እሳት ይራቅ። ጊዛ ያለ ዘይት ይቆረጣል። ስቴንለስ ከታሸ ይጠነክራል፤ ከተጀመረ ፊዱ አይቁም።

በጠባቡ መቁረጫ ሥራውን መበጠስ

ብዙ መቁረጫ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ባለ 2 ሚሊው ምላጭ ለሥራው መሃል መስመር ልክ በ90 ዲግሪ ይታሰር፣ ቆረጣው ቻኩ አጠገብ ይሁን፣ ካሬጁ (መቁረጫውን ተሸክሞ የሚሄደው ክፍል) ይቆለፍ። ዙሩ ከመደበኛው ግማሽ፣ ዘይት ሳይቋረጥ። ፍቅፋቂው ወጥ ሆኖ እየተጠቀለለ እስከወጣ ድረስ እጅ አይቁም፤ ዱቄት መሆን ከጀመረ ወይ ስለቱ ሞቷል ወይ እጁ ፈርቷል። በሴንተር (በቴይልስቶኩ ሹል ጫፍ) የተደገፈ ሥራ ግን እስከ መጨረሻው አይበጠስም፤ ጥቂት ሚሊ ሲቀረው ማሽኑ ጠፍቶ በመጋዝ ይጨረስ፣ አለዚያ ቁራጩ ምላጩን ይዞ ይጨብጠዋል።