በማቴሪያል ኢንጂነሪንግ ተመርቃችሁ ጎንደር ከተመለሳችሁ፦ ሥራና ማስተርስ እንዴት ይፈለጋል?

ፒያሳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ማቴሪያል ኢንጂነር» የሚል እየፈለጋችሁ ከሆነ ብዙ ትጠብቃላችሁ። በዚህ ስም የሚወጣ ቦታ ጥቂት ነው። ሥራው ግን በሌላ ስም ይወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጉትን ስም ቀይሩ። «ጥራት ቁጥጥር»፣ «ፕሮዳክሽን»፣ «ላቦራቶሪ»፣ «የብየዳ ፍተሻ» በሉ። ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ብረት አቅላጭ፣ ፕላስቲክና ማሸጊያ አምራች፣ የአውሮፕላን ጥገና፣ ሁሉም የእናንተን ትምህርት ይፈልጋሉ። አብዛኞቹ ከጎንደር ውጭ ናቸውና ሻንጣችሁን አዘጋጁ።

ቀጥሎ አንድ ማቴሪያል ምረጡና አብጠርጥራችሁ እወቁት። እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። ምሳሌው ደጃችን ላይ አለ። የፋሲል ግንብ የተገነባው በድንጋይና በኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲጠገን ግን ሲሚንቶ ገባበት። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ እርጥበት እንደ ልብ አያሳልፍም። ውስጥ የታፈነው ውሃ በድንጋዩ በኩል መውጫ ሲፈልግ ድንጋዩ ይላጣል። ከዓመታት በኋላ ጥገናው ወደ ኖራ ተመልሷል። ይህን ቃለ መጠይቅ ላይ በራሳችሁ አነጋገር ማስረዳት ከቻላችሁ ቀጣሪው ጆሮ ይሰጣችኋል።

ሥራ እስኪገኝ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ሂዱና ሳይት ኢንጂነሩን አስፈቅዱ። የኮንክሪቱ ናሙና በ7 ቀንና በ28 ቀን ጥንካሬው ሊለካ ሲሰበር ተገኙ። ውጤቱን ደብተር ላይ ጻፉ። ካነሰ ለምን አነሰ? ውሃ በዝቶበት ነው? አሸዋው አፈር ነበረው? ውሃ ሳይጠጣ ደርቆ ይሆን? ግምታችሁንም ከጎኑ አስፍሩ።

ማስተርስ ካሰባችሁ አገር ውስጥ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ጅማና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የማቴሪያል ሳይንስ ክፍል አላቸው። ባሕር ዳር ለእኛ ቅርብ ነው። ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ቀድማችሁ ተፈተኑ።

ውጭ አገር ከሆነ ኢራስመስ ሙንደስ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። ማመልከቻው በብዛት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ስለሚገባ ክረምት ላይ ጀምሩ። የጀርመኑ የስኮላርሺፕ ድርጅት ዳአድ (DAAD) ለታዳጊ አገሮች ባዘጋጃቸው ፕሮግራሞች ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሥራ መያዝ ለትምህርቱም መንገድ ነው። «ፕሮሰሱን እኛ እንጨርስላችኋለን» ለሚል ደላላ አንድ ብር አትክፈሉ። እነዚህን ራሳችሁ በስልካችሁ ትሞላላችሁ።

ማስተርስ ፍለጋ ኮሪያ ወይም ጃፓን ላለ ፕሮፌሰር ኢሜይል ስትጽፉ ምስጋና አታብዙ። ያን የኮንክሪት ደብተር ግለጡና አንድ ያልገባችሁን ውጤት በአራት መስመር ጻፉለት።