ጥንዶች በስሜን ተራሮች አራት የበጋ ቀናትን በእግር ጉዞና በድንኳን እንዴት እንደሚያሳልፉ

ባልና ሚስት ወይም እጮኛሞች ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጡ የሚፈትናቸው ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ ከፍታው ነው። ከፍታ ደግሞ ሁለት ሰዎችን እኩል አይነካም፤ በየማለዳው የሚሮጠው ራሱን አሞት ሲተኛ፣ ስፖርት ሠርታ የማታውቀው ምንም ሳይሰማት ልትውል ትችላለች። ስለዚህ ዕቅዱ ከመነሻው በሚዘገየው ሰው አቅም መሠራት አለበት።

አስቀድማችሁ ወቅቱን ምረጡ። በክረምት ዝናቡና ጉሙ ገደሉን ስለሚሸፍኑት የሚታይ ነገር ጥቂት ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ገና ለምለም ስለሆነ ከሁሉም የተሻለው ጊዜ ይኸው ይመስለኛል። ጥምቀትን ጎንደር አክብረው መቀጠል ለሚፈልጉ የጥር ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ከእስራኤል፣ ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ቆላማ ከተሞች የምትመጡ ከሆነ በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ሁለት ሌሊት አድራችሁ ሰውነታችሁን አላምዱ። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የአካባቢውን ጸጥታና የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ።

ዕቃ ስታዘጋጁ ለሁለት ሰው የሦስት ሰው ድንኳን ያዙ፤ ቦርሳችሁና ጫማችሁ ውስጥ ማደር አለባቸውና። ድንኳኑን አንድ ጊዜ በግቢያችሁ ተክላችሁ ሞክሩት። ብዙ ሰው ብርድ ልብስ ይደራርብና ከሥር የሚነጠፈውን ይረሳል፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ግን በዋናነት የሚመጣው ከመሬት ስለሆነ፣ ወፍራም የስፖንጅ ምንጣፍ ከተጨማሪ ብርድ ልብስ ይበልጣል። የመኝታ ከረጢቶቻችሁ በዚፕ የሚጋጠሙ ቢሆኑ ሙቀት ትጋራላችሁ። የግንባር ባትሪ ግን ለየራሳችሁ ያዙ።

ለስንቅ ከታሸገ ምግብ ይልቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ይመረጣሉ፤ አይበላሹም፣ እሳትም ብዙ አይፈልጉም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ3,600 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስር ቶሎ አይበስልም፤ ሽሮ ይሻላል። የምትጠጡትን የምንጭ ውኃ ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ አንተክትኩት። አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ እንዳይመናመን እንጨት አትልቀሙ፤ በጋዝ ምድጃ አብስሉ።

ጉዞው የሚጀምረው ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ደባርቅ ነው። እዚያ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግባችሁ መግቢያውን ትከፍላላችሁ፤ መንገድ መሪና የታጠቀ ስካውትም ትይዛላችሁ። ጭነት ለሚሸከም በቅሎና ለነጂው መክፈል ቅንጦት አይደለም፤ የሚደክመው ሰው ባዶ ጀርባውን እንዲሄድ ያስችላል።

በመጀመሪያው ቀን ቡይት ራስ ድረስ በመኪና ሂዱና ከዚያ በእግር 3,250 ሜትር ላይ ወደሚገኘው የሳንቃበር ካምፕ ተጓዙ። አመሻሹ ላይ ጭላዳ የሚባሉትን ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ በቅርብ ታያላችሁ፤ ምግብ አትስጧቸው፤ ስንቃችሁንም ከድንኳኑ ውጭ አትተዉ፤ ቁራ ይዘርፈዋል። በማግስቱ የጅንባርን ፏፏቴ አይታችሁ ወደ ግጭ ትወጣላችሁ። ግጭ 3,600 ሜትር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ማድረግ አይመከርምና ይህ አካሄድ ከልኩ አያልፍም። ከሳንቃበር ጨነቅ ወደሚባለው ካምፕ በመኪና ወጥቶ ማደር ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል የሚበቅልበትን የግጭን ሜዳ ያሳጣችኋል።

ሦስተኛው ቀን ረጅም ነው። ጓሳ በሚባለው የደጋ ሣር መካከል ወደ 3,926 ሜትሩ የእሜት ጎጎ ጫፍ ወጥታችሁ፣ ሦስት ወገኑ ገደል በሆነው አፋፍ ላይ ትንሽ ካረፋችሁ በኋላ ጨነቅ ወርዳችሁ ታድራላችሁ። ዋልያ ለማየት ጨነቅ ከሌሎቹ ካምፖች ይመረጣል።

በየማታው አንዳችሁ ሌላውን ጠይቁ፦ ራስ ምታት አለ? ምግብ ተበላ? ማቅለሽለሽስ? ራስ ምታቱ ቀላል ከሆነ ባሉበት ማረፍ እንጂ ከፍ ብሎ ማደር አይገባም። ሰውየው እየተንገዳገደ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች መውረድ ነው። የታመመ ሰው “ደህና ነኝ” ማለት ስለሚወድ ውሳኔውን ለጤነኛው ተዉለት፤ ይህንንም ከቤት ሳትወጡ ተስማሙበት።

በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ወደ 4,430 ሜትሩ የቧሂት ተራራ ተነሱ። የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ፤ ሰዓቱ ከደረሰ ጫፉ ቢታይም ተመለሱ። አንዳችሁ ብቻ ከደከመ ሁለታችሁም ተመለሱ፤ መንገድ መሪው አንድ ስለሆነ መለያየት አይቻልም። መኪናው ጨነቅ መጥቶ እንዲወስዳችሁ ቀኑንና ዋጋውን ደባርቅ ላይ አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ተራራው ላይ ስልክ ሁልጊዜ አይሠራም።