ከዓይን እስከ አንጀት፦ ፍቅርን በልኩ መናገር

በአማርኛ ፍቅር ሰውነት ላይ ቁልቁል ይወርዳል። መጀመሪያ ዓይን ያርፋል፣ ቀጥሎ ልብ ይደነግጣል፣ ከዚያ ሆድ ይባባል፣ መጨረሻ አንጀት ይንሰፈሰፋል። ለመናገር ያሰበ ሰው ስሜቱ የቱ ጋ እንደደረሰ አስቀድሞ ይወቅ። ጥር 11 ቀን ደብረ ብርሃን ላይ ታቦት ስትሸኙ ያያችኋትን ልጅ በማግስቱ «አንጀቴ ተንሰፈሰፈልሽ» ብትሏት ትስቅባችኋለች። ገና ዓይን ላይ ናችኋ!

መለያው አያስቸግርም። ልብ የሚደነግጠው ስትመጣ ነው፤ ካለፈች በኋላ ይረጋጋል። ሆድ ግን የሚናገረው ስትሄድ ነው፤ አዲስ አበባ ልትሄድ ተሳፍራ ከመነኸሪያ ብቻችሁን ስትመለሱ ባር ባር የሚለው እሱ ነው። አንጀት ላይ ሲደርስ ስስት ይመጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ሲያድር ከራሳችሁ ብርድ በፊት «ጋቢ ደርባ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ፣ «እሳሳልሻለሁ» ማለት ያምርባችኋል። ከዚያ በፊት ይህን ቃል አታባክኑት።

አሁን ወደ ግሱ። «እወድሻለሁ» ለእናትም ለእህትም ስለሚባል ብቻውን ጉዳዩን አይለይም፤ የተባለችው ልጅ «እኔም እወድሃለሁ» ብላ በእህትነት ልትዘጋው ትችላለች። «ወድጄሻለሁ» ግን አዲስ ነገር መድረሱን ይናገራል፤ ለመጀመሪያ ቀን የሚሻለው እሱ ነው። «አፈቅርሻለሁ» ትርጉሙ የማያሻማ ቢሆንም የመጽሐፍ ቃና አለው፣ ፊት ለፊት ሲሉት አፍ ላይ ይከብዳል። «ፍቅር ያዘኝ» የሚለው ሁሌም ይሠራል፤ ፍቅር እንደ ጉንፋን ያዢ ነው፣ ሰውዬው ተያዥ። «በፍቅር ወደቅሁ» ለጆሯችን የትርጉም ፊልም ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ናፍቆት ላይ ነው። «ናፈቅሽኝ» ሲባል የግሱ ባለቤት እሷ ናት፤ እናንተ የደረሰባችሁ ናችሁ። ተገልብጦ «ናፈቅኩሽ» ተብሎ ከተጻፈ «ናፍቄሽ ነበር ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመስላል። የእናንተን ናፍቆት ትሰማለች ብላችሁ ስትጠብቁ እሷ ስለ ራሷ ትመልሳለች። ሴቷም ለወንዱ ስትጽፍ «ሽ»ን በ«ህ» ወይም በ«ኸ» ትቀይርና «ናፈቅኸኝ» ትላለች። ከቴሌግራም የተቀዳ መልእክት የሚያጋልጠውም ይኸው ፊደል ነው፤ አራት መስመር በ«ሽ» ሄዶ አምስተኛው ላይ አንድ «ህ» ከተረሳች ጉዳዩ አለቀ።

ስንኝ መላክ ለሚፈልግ፣ የወል ቤት ይበቃዋል። አንዱ ስንኝ 12 ቀለም አለው፤ ከ6ኛው በኋላ ትንፋሽ ይወሰዳል። የሚቆጠረው ድምፅ እንጂ ፊደል አይደለም፤ «ደብረ» ሦስት ፊደል ቢሆንም ሲነገር ደብ-ረ፣ ሁለት ቀለም ነው።

ደብረ ብርሃን ውዬ — ሮቢት ላድር ስሄድ፣
ጣርማበር ነው አሉ — የመውደድሽ መንገድ።

ሰሙ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ የሚያልፉት ተራራ ነው። ወርቁን ለማግኘት ቃሉን ለሁለት ክፈሉት፦ ጣር፣ ማበር፤ ጭንቅ ተባብሮ መምጣቱ። ህብረ ቃሉ፣ ማለትም ሰምና ወርቅ የያዘው ቃል፣ አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ሲሆን እንቆቅልሽ ይሆናል፣ ልጅቷም ፈተና የተቀመጠች ይመስላታል። ካልገባት ስትጠይቅ ብቻ ንገሯት።

የአጠራር ለውጥ ከስንኝ ይቀድማል። ስሟ ላይ «ዬ» ጨምሩና ጠብቁ። እሷም በስማችሁ ላይ ከጨመረች «የኔ» ይከተላል፤ «ውዴ»ና «ሆዴ» ሳምንታት ቢቆዩ አይጎዳም። ቤተሰብ ፊት ግን ወደ ሙሉ ስም ተመለሱ።

መልሷን በቃሉ ብቻ አትመዝኑት። «እንጃ» በር አይዘጋም። «ሂድ ወዲያ!» ከሳቅ ጋር ከመጣ ጥሩ ነው፤ ያለ ሳቅ ከሆነ እንደ ቃሉ ሂዱ። «እንደ ወንድሜ ነው የማይህ» ግን የተቀረቀረ በር ነው፤ ደጋግሞ ማንኳኳት ፍቅር ሳይሆን ማስቸገር ነው። ጥምቀት ላይ የተወረወረ ሎሚም እንዲሁ ነው፦ ካላነሳችው ሁለተኛ አይወረወርም።

ነገሩ ሰምሮ ለአባት መንገር ሲመጣ ከላይ ያለው ቃል ሁሉ ይቀራል። «ፍቅር ያዘኝ» ለአባት አይባልም። በአጎት ወይም በአክስት በኩል «ልጅቱን ለቁም ነገር አስቤያታለሁ» ይባላል፤ ሽማግሌ የሚላከውም በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።