ቡሊሚያን እንዴት መለየትና ሕክምናውን መጀመር ይቻላል

ቡሊሚያ ከአመጋገብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕመም ነው። ያለበት ሰው ኪሎው ብዙውን ጊዜ እንደ ማንኛውም ሰው ነው። አብረውት የሚበሉ ቤተሰቦቹ እንኳ ለዓመታት ላያውቁ ይችላሉ። ምልክቱ፦ በአጭር ጊዜ እጅግ ብዙ መብላት፣ ማቆም አለመቻል፣ ከዚያም በማስመለስ፣ በሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ ባለመብላት ወይም ከልክ ባለፈ ስፖርት የተበላውን ለማካካስ መሞከር። በሳምንት ቢያንስ አንዴ ለ3 ወር ሲደጋገም ቡሊሚያ ይባላል፤ እርዳታ ለመፈለግ ግን 3 ወር መጠበቅ አያስፈልግም።

በመጀመሪያ ከሆዳምነት ጋር አያምታቱት። ቁርስና ምሳ ተዘልሎ ከተዋለ ማታ ረሃቡ ያሸንፋል፤ ሐፍረቱ ደግሞ ነገም እንዳይበሉ ያደርጋል። የሚያስቀምጥ መድኃኒትም ከንቱ ነው፤ የሚሠራው በአብዛኛው ትልቁ አንጀት ላይ ሲሆን፣ ምግቡ ቀድሞ ትንሹ አንጀት ውስጥ ተመጥጧል። የሚወጣው ውኃና ጨው ነው።

ቀጥሎ ሐኪም ዘንድ ሄደው «ብዙ እበላለሁ፣ ከዚያ ሆን ብዬ አስመልሳለሁ» ይበሉ። «ጨጓራዬን ያመኛል» ብቻ ካሉ የጨጓራ መድኃኒት ይዘው ይመለሳሉ። የደም ፖታሲየም፣ የኩላሊትና የልብ (ኢሲጂ) ምርመራ ይጠይቁ፤ የፖታሲየም ማነስ የልብ ምትን ያዛባል። ልብ ያለ አግባብ ከመታ፣ ራስን ከሳቱ ወይም ደም ካስመለሱ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ካስመለሱ ወዲያው ጥርስ አይቦርሹ፤ አሲዱ ያለሰለሰውን የጥርስ ሽፋን ይፍቃል። በውኃ ተጉመጥምጠው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ።

ሕክምናው የሚጀምረው በሰዓት ከመብላት ነው፦ 3 ዋና ምግብ፣ 2 ወይም 3 መክሰስ፣ በመካከሉ ከ4 ሰዓት ያልበለጠ። ጾም ዑደቱን መልሶ ስለሚያስነሳ የንስሐ አባትን ወይም የሃይማኖት መምህርን አስቀድሞ ማማከር ይገባል፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። ለአዋቂዎች የሥነ ልቦና ሕክምናው 20 ያህል ቀጠሮ ይፈጃል። ሐኪሙ ፍሉኦክሰቲን የተባለ የድብርት መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፤ የተለመደው መጠን በቀን 60 ሚሊግራም ነው፣ በራስ አይጀመርም። ቡፕሮፒዮን የተባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት ግን የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ስለሚችል አይሰጥም።

አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በሌላ ከተማ የሆስፒታሉን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይጠይቁ። ውጭ አገር ያለ ሰው አስተርጓሚ ይጠይቅ፣ ልጁ እንዲያስተረጉምለት አያድርግ።

ቤተሰብም «ወፈርሽ»፣ «ከሳሽ» ማለቱን ይተው፣ ለምስጋናም ቢሆን። ከምግብ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ከባድ ስለሆነ አብረው ቁጭ ብለው ቡና ይጠጡ፤ መታጠቢያ ቤት በር ላይ መጠበቅ ግን አይረዳም። ሞትን የሚመኝ ከሆነ ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት።